በሰፈሩት ቁና
ስለ ተጫዋች ችሎታና ዋጋ አለካክ ለመምህራን የተደረገ ንግግር



በዚህ በማኅበራችን የመታሰቢያ በዓል ላይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ከእኔ በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጡ አያሌ መምህራን በተሰበሰቡበት ፊት መቆም ድፍረት ሆኖ ተሰምቶኝ ነበር። ይልቁንም የመረጥሁት ርእስ ቤዝቦል የሚባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ መሆኑን ስትሰሙ፥ «ይህ ሰው የመምህራን ማሠልጠኛ ሥራውን ትቶ ስለ ባዕድ አገር ኳስ ሊያጫውተን መጣ እንዴ?» እንደምትሉ አልጠራጠርም። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡኝ፥ የምናገረው ስለ ኳሱ ሳይሆን ስለ ሚዛኑ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ። አንድን ሰው በሥራው መዝኖ «ዋጋው ይህን ያህል ነው» ብሎ በቁጥር መናገር የእኛም የዘወትር ሥራ ነው። አሜሪካኖች በዚህ ጨዋታ ምክንያት ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ሰውን ሲለኩ፥ ሲሳሳቱ፥ ስሕተታቸውንም ሲያርሙ ኖረዋል። ሁሉም በጽሑፍ ስለ ተመዘገበ፥ ከስሕተታቸው የምንማረው አለ ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ወደ ዋሽንግተን ሄጄ ሳለሁ፥ እዚያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ አንድ ማታ ወደ ቤዝቦል ሜዳ ወሰደኝ። ዱላም ኳስም ያለበት በመሆኑ፥ ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት የእኛን ገና ያስታውሳል፤ ሥርዐቱ ግን ሌላ ነው። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው ዱላውን ይዞ ይጠብቃል። መቺው መትቶ ከሮጠ በሜዳው አራት ማእዘን ከተቀመጡት ማረፊያዎች ወደ አንዱ ይደርሳል፤ ሁሉንም ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ካልተሳካለት ግን፥ ልጆቻችን በጨዋታቸው ላይ እንደሚባባሉት፥ ተቃጠለ ማለት ነው። ሦስት ሰዎች ሲቃጠሉ ተራው ወደ ተቃራኒው ቡድን ያልፋል፤ ይህም ዘጠኝ ጊዜ ይደጋገማል። እንግዲህ እንደ እግር ኳስ 90 ደቂቃ ብሎ የሚወስነው ሰዓት የለም፤ ቡድኑ ያለው ሀብት 27 መቃጠል ብቻ ነው። 27ቱ ካለቁ ጨዋታው አለቀ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወረቀት በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የእያንዳንዱን ተጫዋች ሥራ በእርሳስ ይመዘግቡ ነበር። አንድ መቺ ተራው ደርሶ ቆመ። በደንቡ መሠረት፥ ከተወሰነው ክልል ውጪ አራት ጊዜ የተወረወረለትና ዱላውን ያልሰነዘረ መቺ በነፃ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ያልፋል። ይህም ሰው አራቱን መጥፎ ውርወራ በትዕግሥት አሳልፎ፥ ዱላውን አስቀምጦ ቀስ እያለ ሄደ። ከተመልካቹ ያጨበጨበለት አልነበረም። ወንድሜም «ምንም አላደረገም» አለኝ። ሽማግሌውን ምን ብለው እንደ ጻፉ ብጠይቃቸው ግን፥ «ሳይቃጠል ሄደ፤ ትልቁ ነገር ይኸው ነው» ሲሉ መለሱልኝ። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። በኋላ ታሪኩን ባነበብሁ ጊዜ ግን፥ የወንድሜና የሽማግሌው ክርክር አንድ ምዕተ ዓመት ሙሉ የቆየ ክርክር ሆኖ አገኘሁት።

የቤዝቦልን ቁጥር በሥርዐት ካስያዙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ፥ በ1824 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መቺዎችን በአማካይ ቁጥር የማወዳደር ልማድ በእርሱ ጥረት ተስፋፋ። አማካዩ የሚገኘው ተጫዋቹ በሚገባ የመታበትን ብዛት ለመምታት በቆመበት ብዛት በማካፈል ነው። አሥር ጊዜ ቆሞ ሦስት ጊዜ የተሳካለት 0.300 ይባላል፤ ይህም የጎበዝ ምልክት ነው። ቀላል፥ ግልጽና ለጋዜጣ የሚመች ሚዛን ነበር። ነገር ግን ቻድዊክ በነፃ ማለፍን የወርዋሪው ጥፋት እንጂ የመቺው ችሎታ አይደለም ብሎ ስለ ገመተ፥ ትዕግሥተኛው መቺ ከሒሳቡ ውጪ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ትውልዶች ደግሞ ቁናውን እንጂ ቁናውን የሠራውን ሰው ሐሳብ አልመረመሩም።

ሁለተኛም ጉድለት ነበረበት። አማካዩ ትንሹንም ትልቁንም ምት እኩል ይቈጥራል። አንዱ መቺ ኳሱን ገፋ አድርጎ አንድ ማረፊያ ቢደርስ፥ ሌላው ደግሞ ሆም ረን የሚሉትን መትቶ ኳሱን ከአጥር ውጪ ቢጥልና ሁሉንም ማረፊያ ቢዞር፥ ለሁለቱም አንድ ይጻፍላቸዋል። በ1910ዎቹ ዓመታት ፈርዲናንድ ሌን የተባለ የቤዝቦል መጽሔት አዘጋጅ ይህን ነገር ዋጋቸው የተለያየ ሳንቲሞችን በብዛታቸው ብቻ ከመቍጠር ጋር አመሳስሎ ተችቶታል። በእኛ ገንዘብ እንናገረው ብንል፥ አንዱ በኪሱ አራት ባለ 10 ብር፥ ሌላው አራት ባለ 200 ብር ይዘው ሳለ፥ «ሁለቱም አራት አራት ወረቀት አላቸውና እኩል ናቸው» እንደ ማለት ነው። ትችቱ እውነት ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

እንግዲህ የሒሳብ መምህር ነኝና አንድ ምሳሌ በሰሌዳ ላይ እንደምጽፍ አድርጋችሁ ተከተሉኝ። ምሳሌው ለማስረዳት ያህል የተዘጋጀ ነው። ሁለት መቺዎች በዓመቱ 600 ጊዜ ተራ ደረሳቸው እንበል። የመጀመሪያው 30 ጊዜ በነፃ አለፈ፤ በቀረው 570 ጊዜ ቆሞ 171 መታ፤ አማካዩ 0.300 ነው። ሁለተኛው 100 ጊዜ በነፃ አለፈ፤ በቀረው 500 ጊዜ ቆሞ 135 መታ፤ አማካዩ 0.270 ነው። ጋዜጣው የመጀመሪያውን ያወድሳል። ነገር ግን ሳይቃጠል ማረፊያ የደረሰበትን ብንቈጥር፥ የመጀመሪያው 201 ጊዜ፥ ሁለተኛው 235 ጊዜ ነው። ሁለተኛው ቡድኑን ከ34 መቃጠል አዳነ ማለት ነው። የቡድኑ ሀብት 27 መቃጠል ብቻ መሆኑን ስናስብ፥ ያልተጨበጨበለት ሰው ያተረፈው ምን ያህል እንደ ሆነ ይታያል።

ይህን በሚገባ የተረዳው ካናዳዊው አለን ሮት ነበር። በ1947 የብሩክሊን ቡድን መሪ የነበረው ብራንች ሪኪ በሞያው ቀጥሮት እያንዳንዱን ውርወራ ሳይቀር መመዝገብ ጀመረ። ያው 1947 ሪኪ ጥቁሩን ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰንን በሜዳ አሰልፎ የዘር ክልከላውን የሰበረበት ዓመት መሆኑ ይታወሳል። በ1954 ሪኪ በላይፍ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፥ የሮትን ሒሳብ መሠረት አድርጎ፥ ከመምታት አማካይ ይልቅ ማረፊያ የመድረስ መጠን እንደሚበልጥ አስረዳ። ይህ መጠን በሊጎቹ ይፋዊ መዝገብ የገባው ግን በ1984 ነው፤ እውነቱ ከተነገረ ሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በዚህ መካከል የተነሣው ቢል ጄምስ በካንሳስ በአንድ የባቄላ ማሸጊያ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ነበር። በ1977 በራሱ ወጪ ያሳተመውን የመጀመሪያ ጽሑፉን የገዙት 75 ሰዎች ያህል ብቻ ናቸው። ጄምስ ይህን ጥናት ሳበርሜትሪክስ ብሎ ሰየመው፤ ስሙ በ1971 ከተመሠረተው የቤዝቦል ጥናት ማኅበር የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። የጄምስ ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የመቺ ሥራ ለቡድኑ ነጥብ ማስገኘት ከሆነ፥ አማካዩ ምን ያህል እንዳማረ ሳይሆን ነጥብ ምን ያህል እንዳስገኘ ለምን አንለካም? የሚል ነው። በ1984 ፒት ፓልመርና ጆን ቶርን ያሳተሙት መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ሥራ የነጥብ ዋጋ አወጣ። በነፃ ማለፍ የአንድ ነጥብ ሢሶ ያህል፥ ትንሹ ምት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፥ ሆም ረን ደግሞ አንድ ነጥብ ከአራት ዐሥረኛ ያህል ሆኖ ተገኘ። እነሆ ወረቀቱ ብቻ መቈጠሩ ቀርቶ ብሩ ተቈጠረ።

ይህ ዕውቀት ወደ ሜዳ ሲወርድ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። በ2002 የኦክላንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ደመወዝ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ የኒው ዮርኩ ያንኪስ ከ120 ሚሊዮን በላይ ይከፍል ነበር። በዓመቱ ጨዋታ ግን ሁለቱም 103 ጊዜ እኩል አሸነፉ። የኦክላንዱ መሪ ቢሊ ቢን ሌሎች የናቁትን፥ ማረፊያ መድረስን፥ በርካሽ ይገዛ ነበር። ከገዛቸውም አንዱ ስኮት ሃተበርግ ነው። ይህ ሰው ኳስ ቀላቢ ሆኖ ሲሠራ ክንዱ ተጎድቶ እንደ ቀድሞው መወርወር ስላልቻለ፥ ሌሎች ቡድኖች ፊታቸውን አዙረውበት ነበር። የኦክላንድ ሰዎች ግን ለመምታት ከመቸኰል ይልቅ መልካሙን ኳስ መርጦ እንደሚጠብቅ በመዝገቡ ላይ አይተው፥ ሌላ ቦታ አስተምረው አሰለፉት። በዚያ ዓመት የመምታት አማካዩ 0.280 ሲሆን፥ ማረፊያ የመድረስ መጠኑ 0.374 ሆነ። መስከረም 4 ቀን 2002 ቡድኑ 11 ለ 0 ከመራ በኋላ 11 ለ 11 በተያዘ ጊዜ፥ ተተክቶ ገብቶ ኳሱን ከአጥር ውጪ የጣለና ተከታታዩን 20ኛ ድል ያስገኘ ይኸው የተናቀ ሰው ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መቺው ነው። ስለ ወርዋሪው የሚነገረው ግን እኛን መምህራንን ይበልጥ የሚመለከት ይመስለኛል። በቀድሞው ልማድ ወርዋሪ የሚመዘነው ስንት ጨዋታ አሸነፈ፥ ስንትስ ተሸነፈ ተብሎ ነበር። ነገር ግን ወርዋሪው ባላጋራውን በአንድ ነጥብ ቢገታ፥ የራሱ ቡድን መቺዎች ምንም ነጥብ ካላገኙ ተሸናፊ ተብሎ ይጻፋል። በ2018 የኒው ዮርክ ሜትስ ወርዋሪ ጄኮብ ዲግሮም 10 ጨዋታ አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ በቀድሞው ሚዛን ተራ ሰው ነው። በእርሱ ጥፋት በየዘጠኙ ዙር የገባበት ነጥብ ግን በአማካይ 1.70 ብቻ ነበር። መራጮቹ በዚህ ጊዜ ሚዛኑን ስለ ተረዱ፥ ከ30ዎቹ 29ኙ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ በማለት የመጀመሪያ ድምፃቸውን ሰጡት። ቀደም ሲልም በ2001 ቮሮስ ማክራከን የተባለ ተመራማሪ፥ ኳሱ ተመትቶ ሜዳ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሆነው ነገር በአብዛኛው በተከላካዮችና በዕድል እጅ እንጂ በወርዋሪው እጅ እንዳልሆነ አሳይቶ ነበር። ሰውን በሥራው መመዘን ከፈለግን፥ አስቀድመን የእርሱን ሥራ ከጓደኞቹ ሥራና ከዕድል መለየት አለብን ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሊቃውንቱ ችሎታን ወደ ዋጋ የሚለውጥ አንድ ቁጥር የፈለጉት። ጥያቄያቸው «ይህ ሰው ጎበዝ ነው ወይ?» የሚል አይደለም፤ «ይህ ሰው ባይኖርና በቀላሉ የሚገኝ ተራ ተተኪ ቢገባ ቡድኑ ስንት ድል ያጣ ነበር?» የሚል ነው። መምታቱን፥ ሩጫውን፥ መከላከሉን ሁሉ ወደ ነጥብ ይለውጣሉ፤ 10 ነጥብ ያህል ደግሞ አንድ ድል ነው ብለው ያሰላሉ። በ2012 የዲትሮይቱ ሚጌል ካብሬራ በመምታት አማካይ፥ በሆም ረንና በምቱ ባስገባው ነጥብ ብዛት ሦስቱንም አክሊል በአንድ ዓመት ደፋ፤ ይህ ከ1967 ወዲህ ያልታየ ነገር ነበር። ወጣቱ ማይክ ትራውት ግን በሩጫውና በመከላከሉ ጭምር ሲሰላ ከተተኪ በላይ 10 ድል ያህል፥ ካብሬራ ደግሞ 7 ያህል አስገኙ። ሽልማቱን ለመስጠት ድምፅ ከሰጡት 28 ሰዎች 22ቱ ካብሬራን አስቀደሙ። እኔ ማንም ተበደለ አልልም፤ ዐይን የሚያየውና መዝገብ የሚያየው የተለያየ መሆኑን ግን እንድታስተውሉ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው በጎደለ ቁና መሰፈር ሳይሆን ጨርሶ አለመሰፈር ነው። ጆሽ ጊብሰን ጥቁሮች ከታላላቆቹ ሊጎች በተከለከሉበት ዘመን በጥቁሮች ሊግ የተጫወተ መቺ ነበር። በጥር 1947፥ ሮቢንሰን በሩን ከመክፈቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፥ በ35 ዓመቱ ሞተ። በ2024 የጥቁሮች ሊጎች ቁጥር በይፋዊው መዝገብ ሲጨመር፥ የጊብሰን የዘመን አማካይ 0.372 ሆኖ፥ ለብዙ ዘመን አንደኛ የነበረውን የታይ ከብን 0.367 በለጠ። ከሞተ 77 ዓመት አልፎት ነበር። ቁጥሩ የነበረ ነው፤ የጠፋው የሚቈጥርለት ሰው ነበር።

እንዲህ ስል ቁጥርን አመልኩ ማለቴ አይደለም። ከተተኪ በላይ የተገኘውን ድል የሚያሰሉ ሁለቱ ታዋቂ ድርጅቶች ቤዝቦል ሬፈረንስና ፋንግራፍስ ለአንዱ ተጫዋች የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። መከላከልን መለካት እስከ ዛሬ ያስቸግራል፤ ከ2015 ጀምሮ በሁሉም ሜዳዎች የኳሱንና የተጫዋቹን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ ቢተከልም ክርክሩ አላለቀም። ያ የ2002ቱ የኦክላንድ ቡድንም ከዓመቱ ጨዋታ በኋላ በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ዙር ተሸንፏል፤ በአምስት ጨዋታ ውስጥ ዕድል ከሒሳብ ይበረታልና። ነገር ግን ዐይናችንም ብቻውን አይበቃም። በ500 ጊዜ መቆም ውስጥ በ0.300ና በ0.270 መቺ መካከል ያለው ልዩነት በስድስት ወር 15 ምት ነው፤ በሁለት ሳምንት ከአንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህን ያለ መዝገብ በዐይኑ ብቻ የሚለይ ሰው የለም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ይህን ሁሉ ከማንበቤ አስቀድሞ፥ አንዲት ሠልጣኝ በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለች እንድመዝናት ተመድቤ ነበር። የመመዘኛው ቅጽ ስለ ድምፅ፥ ስለ ገለጻ፥ ስለ ሰሌዳ አጠቃቀምና ክፍሉን ስለ መቈጣጠር ይጠይቃል። ልጅቱ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቃ ዝም ትላለች፤ ትጠብቃለች። ክፍሉ መጀመሪያ ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎ አንዱ ልጅ ይጀምራል፥ ሌላው ያርመዋል፥ ሦስተኛው ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ ይሠራዋል። እኔም ከኋላ ተቀምጬ በቅጹ ላይ «ገለጻ አነስተኛ፤ ድምፅ አይሰማም» ብዬ ጻፍሁ። ወንድሜ «ምንም አላደረገም» እንዳለው መሆኑ ነው። ውጤቷ ከማለፊያው በጥቂት ነጥብ አነሰ፤ ከዚያም ወደ ሞያው አልገባችም።

ባለፈው ዓመት ደብተር ልገዛ ወደ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስገባ፥ ከመደርደሪያው በስተኋላ ቆማ አገኘኋት። «መምህር፥ ደኅና ነዎት?» ብላ በአክብሮት ተቀበለችኝ። በሱቁ ደጃፍ አንድ ሕፃን የቤት ሥራውን ይዞ ቆሞ ነበር። እርስዋም ደብተሩን አይታ መልሱን አልነገረችውም፤ አንድ ጥያቄ ጠየቀችውና ዝም አለች። ሕፃኑ በጣቱ ቈጥሮ እስኪደርስበት ድረስ ደብተሬን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁ። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣም። ስለዚህ ዛሬ በእናንተ ፊት እናገረዋለሁ። ቅጹን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ሳልመረምር የሰፈርሁበት ግን እኔ ነኝ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ከዚህ ንግግር ሦስት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እለምናለሁ። አንደኛ፥ በእጃችን ባለው ቅጽ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር «ይህ ለተማሪው መማር ምን ያስገኛል?» ብለን እንጠይቀው፤ ሪኪና ጄምስ የመቺውን አማካይ የጠየቁት እንዲህ ነውና። ሁለተኛ፥ መምህሩን በተማሪዎቹ የማለፍ ብዛት ብቻ ከመፍረዳችን በፊት፥ ልጆቹ ከምን ተነሥተው እንደ መጡ፥ መጽሐፍ እንደ ነበራቸውና ስንት ሆነው በአንድ ክፍል እንደ ተቀመጡ እንመዝግብ፤ የዲግሮምን ሽንፈት በዲግሮም ላይ አንጫን። ሦስተኛ፥ በአንድ ቀን ጉብኝትና በአንድ ፈተና ሰውን አንዝጋ፤ ደግሞም በቅጹ መጨረሻ «ያልተጠየቅሁት፥ ነገር ግን ያየሁት» የሚል አንድ ባዶ መስመር እንተው።

አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብለዋል። ይህን ምሳሌ የምንጠቅሰው ክፉ የሠራውን ለማስፈራራት ነው። እኔ ግን ለመዛኞች ሁሉ የተሰጠ ምክር አድርጌ እወስደዋለሁ። ነገ የትምህርት ቢሮው ደግሞ እኛን ሊሰፍረን ይመጣል፤ በእጁ የሚይዘው ቁና ዛሬ እኛ ተማሪዎቻችንን የሰፈርንበት ይሆናል። እንግዲህ ቁናው ገና በእጃችን ሳለ እናስተካክለው።